መርፌው ለምን አያዘልቅም? ስለሚመላለስ የጅማት ህመም



«ዶክተር፣ ክርኔን አሞኝ ማስታገሻ ወሰድኩ፣ ሁለት ሳምንት አረፍኩ፣ ለቀቀኝ። ሥራ በገባሁ በሦስተኛው ቀን እዚያው ቦታ ላይ ያው ህመም ተመለሰ።» ይህን ዓይነት ጥያቄ በውስጥ መስመር በየጊዜው ትልኩልናላችሁ። የሚለያየው ቦታው ነው። አንዱ ክርኑን ይላል፣ ሌላዋ ትከሻዋን፣ ሯጩ ተረከዙን፣ አራስ እናት ደግሞ የአውራ ጣቷን ሥር። ታሪኩ ግን አንድ ነው፤ ታመመ፣ ታረፈ፣ ዳነ፣ ተመለሰ። አንዳንዱ ሰው ይህን ሲደጋግም ሁለትና ሦስት ዓመት ይሞላዋል፤ በመጨረሻ «በቃ እርጅና ነው» ብሎ ይተወዋል። በአብዛኛው እርጅና አይደለም።

መጀመሪያ በስሙ እንስማማ

በአማርኛ ጅማት የምንለው ነገር ብዙ ነው። ታካሚ «ጅማቴን ነው» ሲለኝ አንዳንዴ ጡንቻውን፣ አንዳንዴ ነርቩን፣ አንዳንዴም እጁ ላይ ጎልቶ የሚታየውን ደም ሥር ማለቱ ሆኖ አገኘዋለሁ። እዚህ ጽሑፍ ላይ ጅማት ስል ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዘውን ነጭ ጠንካራ ገመድ ማለቴ ነው። ቁርጥ ስትበሉ ቢላው እምቢ የሚለው፣ ቢያኝኩት የማያልቀው፣ ከሥጋው ለይታችሁ ወደ ጎን የምታደርጉት ነጩ ነገር አለ አይደል? እሱ ነው። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም በልማድ ጅማት እንለዋለን፤ እግር ወለም ሲል የሚጎዳው ያኛው ነው፤ የእሱ ነገር ለሌላ ቀን ይቆየን።

ይህ ገመድ በአብዛኛው የተሠራው ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን ነው። ክሮቹ እንደ ተፈተለ ጥጥ ወደ አንድ አቅጣጫ ተደርድረው ስለሚተኙ ከባድ ጉተታ ይችላሉ። ደም ግን ብዙ አያገኝም። ጡንቻ ቀይ፣ ጅማት ነጭ የሆነው አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ደም ያነሰው ክፍል ሲጎዳ ጥገናውም ቀስ ይላል።

ምን ያህል ቀስ እንደሚል የሚያሳይ አንድ ደስ የሚል ጥናት አለ። በ1950ዎቹና በ60ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉት የኒውክሌር ቦምብ ሙከራዎች አየሩ ውስጥ ያለውን ካርቦን 14 ከፍ አድርገውት ነበር። በ2013 የዴንማርክ ተመራማሪዎች ይህንን እንደ ቀን ማህተም ተጠቅመው የሰዎችን የተረከዝ ጅማት ዕድሜ ለኩ። የጅማቱ እምብርት ሰውዬው ቁመት ጨምሮ ካበቃ በኋላ፣ ማለትም ከ17 ዓመት ገደማ ወዲህ፣ ከሞላ ጎደል እንደማይታደስ አገኙ። የ50 ዓመት ሰው ዛሬ የሚራመድበት ጅማት መሀሉ በጉርምስናው የተሠራው ነው ማለት ነው። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ነገር በአሥር ቀን ኪኒን ለመጠገን መሞከር ምን እንደሚመስል አስቡት።

ህመሙ ከየት ይመጣል?

አንድ ጅማት የለመደው የሥራ መጠን አለው። ከለመደው በላይ በድንገት ሲጫንበት ይቆጣል። ቁልፉ «በድንገት» የሚለው ነው። አገር ቤት ሃምሳ ዓመት ቡና የወቀጡ እናት ክርናቸውን ላያማቸው ይችላል፤ ዓመቱን ሙሉ ቢሮ ተቀምጣ ለፋሲካ ዋዜማ መጋረጃ፣ ምንጣፍና ብርድ ልብስ በእጇ አጥባ የጨመቀችው ልጃቸው ግን በማግስቱ ጀበና ማንሳት ያቅታታል። ከበዓል በኋላ ባሉት ሳምንታት ክርናቸውን ይዘው የሚመጡ ሴቶች ይበዙብኛል።

በታላቁ ሩጫ ሰሞንም እንደዚሁ ነው። ቲሸርቱ ሲሸጥ ሰው ይነቃና ዓመት ሙሉ ያልሮጠው እግር በሦስት ሳምንት ውስጥ ለ10 ኪሎ ሜትር ይዘጋጃል፤ ያውም ዳገት፣ ያውም በአሮጌ ጫማ። ሳንባ በሦስት ሳምንት የተወሰነ ይለማመዳል። ጡንቻም ይጠነክራል። ጅማቱ ግን ገና አልሰማም። ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ የመጀመሪያዎቹ እርምጃዎች ላይ ተረከዛችሁ ከኋላ ግትር ብሎ ካመማችሁ፣ ትንሽ ስትራመዱ ከለቀቃችሁ፣ የተረከዝ ጅማት (አኪለስ የሚባለው) መሆኑን ጠርጥሩ።

አራስ እናት ላይ ደግሞ ጫናው ሕፃኑ ነው። ብብቱ ሥር ይዛ በአውራ ጣቷና በጣቶቿ መሀል ስታነሳው፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደሆነ ራሷም አትቆጥረውም። ልጁ በየሳምንቱ ይከብዳል እንጂ አይቀልም።

ሐኪሞች ይህን ህመም ለረጅም ጊዜ «ተንዲናይተስ» ስንለው ኖረናል፤ ትርጉሙ የጅማት ብግነት ነው። ስሙ ራሱ አሳስቶናል ብዬ አስባለሁ። ለወራት ሲያም የቆየ ጅማት ቆንጥረው በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ይጠበቅ የነበረው የብግነት ሴል ብዙም የለበትም። የሚታየው የክሮቹ መዘበራረቅ ነው፤ የተፈተለው ጥጥ ተበታትኖ፣ ጅማቱ ወፍሮ፣ ጤናማ ጅማት ውስጥ የማይታዩ ቀጫጭን ደም ሥሮች ገብተውበት። ስለዚህ ዛሬ «ተንዲኖፓቲ» የሚለውን ስም እንመርጣለን፤ በቀላሉ የጅማት ህመም ማለት ነው። ብግነት ጨርሶ የለም ማለት አይደለም፣ በተለይ መጀመሪያው ላይ። ዋናው ችግር ግን እሱ አይደለም። የብግነት መድኃኒት ህመሙን አስታግሶ በሽታውን የማይነካው ለዚህ ነው።

ለምን ይመለሳል?

ዛሬ ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙ ይህን ክፍል ያዙልኝ።

ሲያማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? ታርፋላችሁ። ልክ ነው፣ ሰውነት የሚለው ያንን ነው። እጁ በስካርፕ ይታሰራል፣ ሩጫ ይቆማል፣ ሥራው ለሌላ ሰው ይሰጣል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ህመሙ ይጠፋል። ግን በእነዚህ ሦስት ሳምንታት ጅማቱ ምን ሆነ? አልጠነከረም። እንዲያውም ሥራ ፈትቶ ከበፊቱ ደከመ፤ የሚጎትተው ጡንቻም አብሮ ሟሸሸ። ጅማት እንዲታደስ ለሴሎቹ ትእዛዝ የሚሰጠው ጉተታ ራሱ ነው። ጉተታ ከሌለ ትእዛዝ የለም።

ከዚያ «ዳንኩ» ብላችሁ ወደ ቀድሞው ሥራ ትመለሳላችሁ፤ ያው ጭነት፣ ከበፊቱ የደከመ ጅማት። ቀድሞ 20 ኪሎ ሲችል የታመመው አሁን 15 ብቻ ችሎ 20 ይጫንበታል። ይመለሳል እንጂ ምን ያደርጋል?

አንድ ታካሚ ላንሳ፤ ማን እንደሆኑ እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። ወደ ሃምሳ የሚጠጉ፣ እንጀራ ጋግረው ለምግብ ቤቶች የሚያስረክቡ እናት ናቸው። ቀኝ ክርናቸው በውጭ በኩል ያማቸዋል። በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የኮርቲዞን መርፌ ተወግተዋል። እኔ ጋ የመጡት ለአራተኛው ነው።

«ዶክተር፣ ሌላ ነገር አልፈልግም፤ ያቺን መርፌ ብቻ ይድገሙልኝ። እሷ ናት የምታድነኝ።»

«እትዬ፣ ስንት ጊዜ አዳነችዎት?»

«ሦስቴ።» አሉና ራሳቸው ሳቁ።

የመጀመሪያው መርፌ አምስት ወር ያህል አስተኝቶላቸዋል። ሁለተኛው ሦስት ወር። ሦስተኛው ስድስት ሳምንት እንኳን አልሞላም። በቀን ስንት እንደሚጋግሩ ጠየቅኳቸው። «ሃምሳም፣ በዓል ከሆነ መቶም» አሉ። አንድ እንጀራ ላይ አክንባሎው አንዴ ይከደናል፣ አንዴ ይከፈታል። መቶ እንጀራ ሲሆን ሁለት መቶ ጊዜ መጨበጥና ማንሳት ነው፤ ያውም መዳፍ ወደ ታች ዞሮ። መዳፍ ወደ ታች ሆኖ ሲጨበጥና ሲነሳ አብዛኛው ጉተታ የሚያርፈው ክርን ውጪ ላይ በተተከለችው በአንዲት ጅማት ላይ ነው። ፈረንጆች በሽታውን «የቴኒስ ክርን» ይሉታል፤ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ግን የቴኒስ ራኬት ጨብጠው የማያውቁ ናቸው። በእኛ አገር ቢሆን የአክንባሎ ክርን ወይም የልብስ መጭመቅ ክርን በተባለ ነበር።

ሥራዎን ይተዉ ልላቸው አልችልም። ሦስት ልጅ የሚማረው በዚያ ምጣድ ነው። «እረፍት አድርጉ» የሚለው ምክር ለደመወዝተኛ እንጂ ለእሳቸው ምክር አይሆንም። ደግነቱ ሙሉ እረፍት ሕክምናውም አይደለም።

ስለ መርፌው በግልጽ እናውራ

የኮርቲዞን መርፌ ህመም ያጠፋል፤ ይህ እውነት ነው፣ አንዳንዴ በቀናት ውስጥ። ሰው የሚወደውም ለዚህ ነው። የሚቀጥለውስ? በ2013 (እ.ኤ.አ.) አውስትራሊያ ውስጥ የተሠራ፣ በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የክርን ጅማት ህመም ያለባቸውን 165 ሰዎች በዕጣ ከፋፍሎ ለግማሾቹ ኮርቲዞን፣ ለግማሾቹ የውሸት መርፌ ወጋ። በአራተኛው ሳምንት ፊዚዮቴራፒ ካልተሰጣቸው መካከል ኮርቲዞን የተወጉት ይሻላሉ። ዓመቱ ሲሞላ ነገሩ ተገለበጠ። ሙሉ በሙሉ የዳኑ ወይም በጣም የተሻላቸው ኮርቲዞን ከተወጉት 83 በመቶ፣ የውሸቱን ከተወጉት 96 በመቶ ሆኑ። ህመሙ የተመለሰባቸው ደግሞ ኮርቲዞን ከተወጉት 54 በመቶ ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ 12 በመቶ ብቻ ናቸው። ቁጥሩን ሁለቴ አንብቡት። ያልታከመው ሰው በዓመቱ ከታከመው ተሽሎ ተገኘ።

እዚህ ላይ ግን «መርፌ መጥፎ ነው» ብላችሁ እንዳትደመድሙ። የአውራ ጣት ሥር ህመም (አራስ እናቶች ላይ ያልኳችሁ፣ ሐኪሞች «ደ ኬርቫን» የምንለው) እና ጣት ታጥፎ ቋ ብሎ የሚቀረው ሕመም የተለዩ ናቸው። እነሱ ላይ ችግሩ ጅማቱ የሚንሸራተትበት ሽፋን ጠቦ መያዙ ነው፤ ሽፋኑ ውስጥ በትክክል የተሰጠ አንድ መርፌ ብዙ ሰው ያድናል። በተቃራኒው የተረከዝ ጅማት ውስጥ ኮርቲዞን መውጋት ጅማቱን ሊያስበጥስ ስለሚችል አይመከርም። ስለዚህ መርፌ ሲታዘዝላችሁ «ይሄ የትኛው ጅማት ነው? ስንተኛዬ ነው? ከመርፌው በኋላ ምን ልሥራ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ መብታችሁ ነው፤ ደህና ሐኪም በጥያቄ አይቆጣም።

የዲክሎፌናክ ኪኒንና መርፌም እንደዚሁ ነው። ለጥቂት ቀን ቢያስታግስ አልቃወምም። ለወራት ከመድኃኒት ቤት እየገዙ መዋጥ ግን ጨጓራን ያደማል፣ ኩላሊትን ይጎዳል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ጅማቱ ደግሞ እዚያው ነው።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድን ነው?

ጭነት። አዎ፣ ያው ያሳመመው ነገር፣ በመጠኑና በዝግታ።

ይህን ነገር ዓለም እንዲሰማው ያደረገው ሆካን አልፍሬድሰን የሚባል ስዊድናዊ የአጥንት ሐኪም ነው። እሱ ራሱ ሯጭ ነበር፣ የተረከዝ ጅማቱንም ያመው ነበር። ኦፕራሲዮን ይደረግልኝ ብሎ ሲጠይቅ አለቃው እምቢ አለው። እሱም «እንግዲያው ቢበጠስ ይገደዳሉ» ብሎ ጅማቱን ሆን ብሎ በከባድ ጭነት ይጎትተው ጀመር። ጅማቱ አልተበጠሰም፤ ዳነ! በ1998 (እ.ኤ.አ.) በ15 ሯጮች ላይ ሞክሮ ያሳተመው ውጤት 15ቱም በ12 ሳምንት ወደ ሩጫቸው መመለሳቸውን ያሳያል። በእረፍት፣ በማስታገሻና በተለመደው መንገድ ከታከሙት ሌሎች 15 ሰዎች አንድም አልዳነም፤ ሁሉም መጨረሻቸው ኦፕራሲዮን ሆነ። ጥናቱ ትንሽ ነው፣ ከዚያ በኋላ በሌላ ቦታ ሲሞከር ውጤቱ መቶ በመቶ አልሆነም። መንገዱ ግን ጸንቷል።

ለተረከዝ ጅማት አሠራሩ እንዲህ ነው። ደረጃ ላይ በእግር ጣታችሁ ጫፍ ቁሙ፣ ግድግዳ ያዙ። በደህናው እግር ወደ ላይ ተነሡ፣ ከዚያ ክብደቱን ወደ ታመመው እግር አዛውሩና ተረከዛችሁን በዝግታ ከደረጃው በታች አውርዱ። በአልፍሬድሰን አሠራር 15 ጊዜ በሦስት ዙር ጉልበት ቀጥ ብሎ፣ 15 ጊዜ በሦስት ዙር ጉልበት ትንሽ ታጥፎ፣ ጠዋትና ማታ ነው፤ በቀን 180 መሆኑ ነው። ብዙ ሰው ይህን አይጨርሰውም፣ እውነቱን ለመናገር እኔም አልፈርድበትም። ደግነቱ በኋላ የዴንማርክ ተመራማሪዎች በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ ግን በከባድ ክብደትና በጣም በዝግታ የተሠራው ተመሳሳይ ውጤት እንደሚሰጥ አሳይተዋል። እኔ ሥራ ለሚበዛበት ሰው ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ወደ ላይ ሦስት ሰከንድ፣ ወደ ታች ሦስት ሰከንድ፣ ሲቀል ጀርባ ላይ ቦርሳ አድርጎ መጽሐፍ መጨመር። ህመማችሁ ጅማቱ አጥንቱ ላይ በሚተከልበት፣ ተረከዙ ላይ ዝቅ ብሎ ከሆነ ግን ከደረጃ በታች አትውረዱ፤ መሬት ላይ ብቻ ሥሩት።

ለክርን ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ አንድ ሃይላንድ ብቻ ነው። ክንዳችሁን ጠረጴዛ ላይ አስተኙ፣ እጃችሁ ከአንጓው ጀምሮ ከጠረጴዛው ጫፍ ውጪ ይሁን፣ መዳፍ ወደ ታች። ውኃ የሞላ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ጨብጡ፤ ግማሽ ኪሎ መሆኑ ነው። እጃችሁን ከአንጓው ብቻ በሦስት ሰከንድ ወደ ላይ አንሡ፣ በሦስት ወይም በአራት ሰከንድ አውርዱ። ከ10 እስከ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። ማንሳቱ ካመማችሁ በሌላኛው እጅ አግዛችሁ አንሡና ማውረዱን ብቻ በታመመው ሥሩ። በቀለላችሁ ጊዜ ወደ አንድ ሊትር፣ ከዚያ ወደ ሁለት ሊትር። ሁለት ሊትር የሚያነሳ ክርን አክንባሎ አይፈራም።

ለምን አንድ ቀን እየዘለልን? ከከባድ ጉተታ በኋላ የመጀመሪያው ቀን ተኩል ገደማ በጅማት ውስጥ የሚፈርሰው ከሚሠራው ይበልጣል። ከዚያ በኋላ ሚዛኑ ወደ ግንባታ ያጋድላል። በየቀኑ አክብዳችሁ ከጫናችሁ ፍርስራሹ ላይ እየጨመራችሁ ነው።

«ሲሠራ ያመኛል፣ ልቀጥል?»

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ ብዙዎችም የሚያቋርጡት እዚህ ላይ ነው። ህመማችሁን ከ0 እስከ 10 ስጡት። 0 ምንም፣ 10 የማይቻል። እየሠራችሁ እስከ 4 ድረስ ቢያማችሁ ምንም አይደለም፤ ስዊድን ውስጥ በተሠራ ጥናት እስከ 5 የተፈቀደላቸውና ሩጫቸውን ሙሉ በሙሉ ያላቆሙ ሰዎች ሙሉ በሙሉ ካቆሙት የባሰ ነገር አልደረሰባቸውም። ዳኛው ግን በማግስቱ ጠዋት ነው። ጠዋት ስትነሱ ህመሙና ግትርነቱ እንደ ትናንቱ ከሆነ፣ መጠኑ ልክ ነው። ከትናንቱ ከባሰ አብዝታችኋል፤ ክብደቱን ወይም ቁጥሩን ቀንሱ እንጂ አትተዉት። ምንም ካልተሰማችሁ ጨምሩ።

ሌላው ትዕግሥት ነው። በሁለተኛው ሳምንት ለውጥ አትጠብቁ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ትንሽ ይቀላል፤ ትክክለኛ ለውጥ የሚታየው ከ12 ሳምንት ወዲያ ነው፣ ዓመት የቆየ ህመም ከሆነ ስድስት ወርም ሊፈጅ ይችላል። መሀል ላይ ጥሩ ሳምንትና መጥፎ ሳምንት ይኖራል። መጥፎው ሳምንት ሲመጣ «አልሠራም» ብላችሁ ወደ መርፌው እንዳትሮጡ።

በተጓዳኝ የቀኑን ጫና መቀነስ ይቻላል። እንጀራ ለሚጋግሩት እናት ያልኳቸው ይህን ነው፦ አክንባሎውን ሁልጊዜ በቀኝ አያንሱ፣ ግራና ቀኝ ያፈራርቁ። ቀለል ያለ ክዳን ከተገኘ ይቀይሩ። እጀታው ቀጭን ከሆነ ጨርቅ ጠምጥመው ያወፍሩት፤ ቀጭን ነገር አጥብቆ መጨበጥ ጅማቱን ይጎትተዋል። ዕቃ ሲያነሱ መዳፍዎን ወደ ላይ ያዙሩ። ልብስ ሲጨምቁ ቧንቧው ላይ ጠምጥመው በሰውነትዎ ክብደት ይጎትቱ። ከክርን ዝቅ ብሎ የሚታሰር ቀበቶም ሥራ ላይ ያግዛል፣ ሲጨርሱ ይፈታል። ለአራስ እናት ደግሞ፦ ሕፃኑን ብብቱ ሥር በአውራ ጣትሽ አታንጠልጥይው፤ አንድ እጅሽን ከመቀመጫው፣ ሌላውን ከጀርባው ሥር አስገብተሽ በመዳፍሽ እቀፊው።

ሳናስተውላቸው ጅማት የሚያደክሙ ነገሮች

ሲፕሮፍሎክሳሲንን የማያውቅ ቤት ያለ አይመስለኝም። «ታይፎይድ ነው»፣ «የሽንት ቧንቧ ነው» እየተባለ ያለ ማዘዣ ይገዛል። ይህ መድኃኒትና ወንድሞቹ (ሌቮፍሎክሳሲን፣ ኖርፍሎክሳሲን) ጅማትን ሊያሳምሙ፣ አልፎ አልፎም ሊያስበጥሱ ይችላሉ፤ በተለይ የተረከዙን። የአሜሪካ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ከፍተኛውን ማስጠንቀቂያ በማሸጊያው ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። አደጋው የሚብሰው ከ60 ዓመት በላይ በሆኑ፣ እንደ ፕሬድኒሶሎን ያለ ስቴሮይድ አብረው በሚወስዱና የኩላሊት፣ የልብ ወይም የሳንባ ንቅለ ተከላ ባደረጉ ሰዎች ላይ ነው። ብዙው ሰው ምንም ሳይሆን ይወስደዋል፤ ሲያስፈልግም ሕይወት ያድናል። እየወሰዳችሁ ሳለ ተረከዛችሁን ወይም ሌላ ጅማት ካመማችሁ ግን ስፖርት አቁማችሁ ያዘዘላችሁን ሐኪም ወዲያው አናግሩ፤ ሌላ መድኃኒት ሊቀይርላችሁ ይችላል።

ስኳር ሁለተኛው ነው። በደም ውስጥ የቆየ ከፍተኛ ስኳር ከኮላጅን ጋር ተጣብቆ ክሮቹን ያደርቃል። ሁለት ሦስት ቦታ ጅማት የሚያመው፣ በተለይ ትከሻው ደርቆ አልነሳ ያለው ሰው ስኳሩን ተለክቶ የማያውቅ ከሆነ ይለካ። ኮሌስትሮል፣ ሪህ፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና ሲጋራም ይጨምሩበታል።

አልትራሳውንድ ወይም ኤምአርአይ ተነሥታችሁ «ጅማቱ በከፊል ተቀዷል» የሚል ወረቀት ከመጣ ደግሞ አትደንግጡ። ትከሻቸውን ምንም የማያማቸው ትልልቅ ሰዎች ቢነሱ ከብዙዎቹ ላይ ተመሳሳይ ነገር ይገኛል። ወረቀቱን ሳይሆን እጃችሁ የሚችለውንና የማይችለውን የሚመረምር ሐኪም ፈልጉ።

ወጌሻስ? ቀስ ያለ ማሸት ለሰዓታት ሊያቀል ይችላል፣ ጅማቱን ግን አያጠነክረውም። ክፉው ነገር አጥብቆ ማሰሩ ነው። እጅ ወይም እግር በጥብቅ ታስሮ ከደነዘዘ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ቀለሙ ከተለወጠ ደም ቆሟልና ሳይውል ሳያድር ፈትቶ ሆስፒታል መሄድ ነው።

ቀን የማይሰጡ ምልክቶች

ሩጫ ወይም ኳስ ላይ ከኋላ ሰው የረገጣችሁ መስሏችሁ ዞር ስትሉ ማንም ከሌለ፣ «ጧ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና በዚያ እግር ጣት ጫፍ መቆም ካቃታችሁ፣ የተረከዝ ጅማት ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ታዩ፤ ሳምንታት ካለፉ ሕክምናው ይከብዳል። በእጅ ጣት በኩል ቁስል ወይም እሾህ ገብቶ ጣቱ በሙሉ አብጦ፣ ታጥፎ ቀርቶ፣ ቀጥ ሲደረግ የሚያስጮህ ከሆነ የጅማት ሽፋን ኢንፌክሽን ነው፣ ድንገተኛ ክፍል ነው የሚወስደው። ጠዋት ከግማሽ ሰዓት በላይ የሚቆይ ግትርነት ከብዙ መጋጠሚያ እብጠት ጋር ካለ የቁርጥማት በሽታ ምርመራ ያስፈልጋል። መደንዘዝና መውረር ካለ ደግሞ ነገሩ የነርቭ እንጂ የጅማት ላይሆን ይችላል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀን አንድ የመጨረሻ ጥያቄ «ከዳንኩ በኋላ ላቁም?» የሚል ነው። አታቁሙ። በሳምንት ሁለት ቀን፣ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ኃይሌ ገብረሥላሴ በ2000 (እ.ኤ.አ.) ሲድኒ ላይ ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሰከንድ ሲቀድም የተረከዝ ጅማቱ እያስቸገረው ነበር፤ በ2004 አቴንስ ላይም ያው ህመም ነበረበትና አምስተኛ ወጣ። በ2007 እና በ2008 በርሊን ላይ የማራቶንን ክብረ ወሰን የሰበረው ከዚያ ሁሉ በኋላ ነው። በዓል ወይም ሩጫ ሲቃረብ ደግሞ ዝግጅቱን ከስድስት ሳምንት በፊት ጀምሩ፤ መጋረጃውንም በአንድ ቀን አትጠቡት፣ በሦስት ቀን ከፋፍሉት።

የሚያማችሁን ቦታ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ሥራችሁንና እስካሁን ስንት መርፌ እንደተወጋችሁ አድርጋችሁ ጻፉልን። ሳምንት የትከሻውን ለብቻው ይዘን እንመጣለን።